ወንድሜን ከቤት ከወሰዱት ስድስት ቀን ሆነ፤ «እዚህ የለም» ሲባል ቤተሰብ ምን ማድረግ ይችላል?

ታላቅ እኅት፣ ከአዳማ

ጤና ይስጥልኝ። የቤታችንን ጉዳይ ለማያውቁን ሰዎች መጻፍ ቀላል አልሆነልኝም፤ ሆኖም በእኛ ላይ የደረሰውን ያሳለፉ ሰዎች እዚህ እንዳሉ ስለማውቅ ምክራችሁን ለመጠየቅ ተገድጃለሁ።

ታናሽ ወንድሜ በአዳማ አንድ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራል። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ለአንድ የሰብዓዊ መብት ድርጅት በበጎ ፈቃድ መረጃ ይሰበስባል። ቤታቸው የፈረሰባቸውን፣ የታሰረ ልጃቸው ያለበትን ቦታ ያጡ ወላጆችን፣ በእስር ላይ ተደብድበው የወጡ ወጣቶችን ደጃቸው ድረስ ሄዶ ያነጋግርና የነገሩትን በደብተር ይጽፋል። ባለፈው ማክሰኞ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ እራት ቀርቦ ሳለ፣ አራት ሰዎች መጡ። ሁለቱ የደንብ ልብስ ለብሰዋል፤ ሁለቱ ሲቪል ናቸው፤ ትእዛዝ ይሰጡ የነበሩት ግን ሲቪል የለበሱት ነበሩ። ክፍሉን ፈትሸው ላፕቶፑን፣ ስልኩንና ሁለት ደብተሮቹን ወሰዱ። የፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲያሳዩን ስንጠይቅ «ለአጭር ጥያቄ ነው፤ ነገ ይመለሳል» አሉን እንጂ ወረቀት አላሳዩንም። የወሰዱትን ዕቃ አልመዘገቡም፤ ማናችንንም አላስፈረሙም። የሰባ አንድ ዓመት አዛውንት የሆኑት አባታችን እስከ ውጭው በር ተከትለው «ልጄን ወዴት ነው የምትወስዱት?» ብለው ሲጠይቁ የመለሰላቸው ሰው አልነበረም።

ረቡዕ በሄድንበት የመጀመሪያ ጣቢያ «በዚህ ስም የተያዘ ሰው የለም» ተባልን። ሐሙስ ወደ ሌላ ጣቢያ ሄደን ስሙን ስንናገር በሩ ላይ የነበረው ጠባቂ ምንም ሳይል ምሳ ዕቃውን ተቀበለ፤ እናቴን አስቀምሶ ይዞት ገባና ከአርባ ደቂቃ በኋላ ባዶውን መለሰልን። ዓርብ እዚያው በር ላይ የነበረው ሌላ ጠባቂ ግን ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት «እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም» ብሎ ስንቁን መለሰው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ሄደናል፤ መልሱ አልተለወጠም። ወንድሜ ከሌሎች ቤተሰቦች እየሰማ ሲጽፈው የኖረውን አሁን እኛ እየኖርነው ነው።

የእድራችን ሽማግሌዎች ከቅንነት ተነሥተው «ዝም በሉ፣ ነገር አታባብሱ፣ በሰላም ይለቁታል» ይሉናል። አባቴም ወደዚያው ያዘነብላሉ። እኔ ግን እያንዳንዱ የዝምታ ቀን ለእሱ የከፋ መስሎ ይታየኛል። ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህንን ነው፤ ከእንግዲህ የማንን በር እናንኳኳ? ለሰው መንገሩ ይጠቅመዋል ወይስ ይጎዳዋል? ማን እንደያዘው በእርግጥ ሳናውቅስ ፍርድ ቤት መሄድ እንችላለን?


ጠበቃ፣ ከአዳማ

እኅቴ፣ አይዟችሁ። በዚህችው ከተማ በጥብቅና ሥራ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ። ሌሎቹ የተንጠለጠሉት በመጨረሻው ጥያቄዎ ላይ ስለሆነ ከእሱ እጀምራለሁ።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 3 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዝዛል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የማይቆጠረው ሰውየው ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ነው፤ አዳማ ውስጥ ለተያዘ ሰው ይህ ጊዜ ምንም ያህል ቢለጠጥ ስድስት ቀን ሊሆን አይችልም። ንዑስ አንቀጽ 4 ደግሞ ፖሊስ በዚህ ጊዜ ውስጥ ካላቀረበው፣ የአካል ነጻነቱ እንዲከበርለት ፍርድ ቤቱን የመጠየቅ መብቱ ሊጣስ እንደማይችል ይደነግጋል። የአቤቱታው አቀራረብ በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 177 ጀምሮ ተቀምጧል፤ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ የምንለው ይህ ነው። ከአቤቱታው ጋር ቃለ መሐላ ይያያዛል። እስረኛው ራሱ መማል ካልቻለ፣ ያልቻለበት ምክንያት ተገልጦ ሌላ ሰው በስሙ መማል ይችላል፤ ስለዚህ እርስዎ ወይም አባትዎ ልታቀርቡት ትችላላችሁ።

አስቸጋሪው ነገር በቃለ መሐላው ውስጥ ሰውየውን የያዘው ማን እንደሆነ፣ የተያዘበት ቦታ የት እንደሆነና ይህንን የሚመሰክሩ ሰዎች ስም መጻፍ ያለበት መሆኑ ነው። ፍርድ ቤቱ እስረኛውን ይዞ እንዲቀርብ መጥሪያ የሚልክለት ሰው ያስፈልገዋል። «ማን እንደያዘው አናውቅም» ብለው የሄዱ ቤተሰቦች አቤቱታ በዚሁ ምክንያት ሲዘጋ ደጋግሜ አይቻለሁ። ከተጠሩት አለቆች አንዱ «እኛ ዘንድ የለም» ብሎ በጽሑፍ ሲመልስ አቤቱታ አቅራቢው የሚያሳየው ነገር ስለማይኖረው መዝገቡ እዚያው ያልቃል። በእናንተ ጉዳይ ግን የሐሙሱ ምሳ ዕቃ አለ። በዚያ በር ላይ ስሙ ተነግሮ ስንቅ ተቀብለዋል፤ እናትዎን አስቀምሰዋል፤ ባዶውን ዕቃ መልሰዋል። እናትዎ ምስክር ናቸው፤ አብረዋቸው ወረፋ ላይ የቆሙ ሰዎችም ካሉ ምስክር ናቸው። ዛሬውኑ ሰዓቱን፣ የጠባቂውን መልክ፣ የተባባላችሁትን ቃል በቃል ጻፉት። ከሳምንት በኋላ የሚጻፍ ትዝታ በመስቀለኛ ጥያቄ በቀላሉ ይናጋል።

ስለ ፍተሻውም አንድ ነገር ልበል። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 33 መሠረት ፍርድ ቤቱ በግልጽ ካልፈቀደ በቀር ፍተሻ የሚካሄደው ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ ነው፤ የተወሰደውም ዕቃ መመዝገብ ይኖርበታል። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ያለ ትእዛዝ ተፈትሾ፣ ያለ ዝርዝር የተወሰደ ላፕቶፕ ነገ «ከእሱ እጅ የተገኘ» ተብሎ ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ የምትከራከሩበት ነጥብ ስለሆነ የዚያን ሌሊቱን ሁኔታ በዝርዝር አስቀምጡ።

አቤቱታው በክልሉ ፍርድ ቤት የሚቀርብ በመሆኑ በአፋን ኦሮሞ መጻፍ አለበት። ፍርድ ቤት አካባቢ ያሉ ራፖር ጸሐፊዎች የተለመደ ማመልከቻ አሳምረው ይጽፋሉ፤ ይህን ዓይነቱን ቃለ መሐላ ግን ጠበቃ ሳያየው አታስገቡ። መዝገብ ቤቱ «ሥልጣናችን አይደለም» ካላችሁም ተመልሳችሁ እንዳትሄዱ፤ እምቢታው በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።

ለሰው መንገሩን በሚመለከት የእኔ ምክር ፍርድ ቤቱ መጥሪያ እስኪያወጣ ድረስ ጥቂት ቀን እንድትታገሡ ነው። ጉዳዩ ቀድሞ ከተወራ እስረኛውን ወደ ሌላ ቦታ የማዛወር ነገር ሊመጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ በእጃችሁ ያለው ብቸኛ ምስክርነት ዋጋ ያጣል።


የሁለት ወንዶች ልጆች እናት

ልጄ፣ እናትሽን እግዚአብሔር ያጽናት። እኔ ሕግ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፤ የማውቀው በር ላይ የሚሆነውን ነው። ታላቁ ልጄ በ2014 ዓ.ም. ሰባት ሳምንት ታስሮ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ የመጀመሪያዎቹን አሥራ አንድ ቀናት ያለበትን አላውቅም ነበር።

ጠበቃው ጻፉ ያሉሽን እኔም አድርጌዋለሁ፤ ማንም መክሮኝ ሳይሆን የሄድኩበትን በርና ሰዓት እየረሳሁ በመቸገሬ ነበር። የታናሹን ልጅ የትምህርት ቤት ደብተር ወስጄ ከኋላው ጀመርኩ። ቀኑን፣ የሄድኩበትን ሰዓት፣ በሩ ላይ የነበረው ማን እንደሆነ፣ ስንቁን ተቀበለኝ ወይስ መለሰብኝ፣ ምን እንዳለኝ እጽፋለሁ። ስማቸውን ስለማይነግሩሽ «ረጅሙ፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለበት»፣ «በጧት ተረኛ የምትሆነዋ ቀይ ልጅ» እያልሽ ጻፊ። በኋላ ጠበቃው ያንን ደብተር ዳኛው ፊት ሲዘረጋው የጣቢያው ሰው «አልመጡም» ማለት አልቻለም።

ስንቅ በምታቀብዪበት ጊዜ ስሙን በፕላስተር ላይ ጽፈሽ በምሳ ዕቃው ክዳን ላይ ለጥፊ። ፌስታል ላይ የተጻፈ ስም ይጠፋል። ሰዎቹ ወጡን በማንኪያ አማስለው፣ ዳቦውን ለሁለት ከፍለው ያያሉ፤ አንቺንም ያስቀምሱሻል፤ ይህ እንዳያስከፋሽ። ነገር ግን ባዶ ዕቃ ተመለሰ ማለት የእርሱ ሆድ ውስጥ ገባ ማለት አይደለም። እኔን ሦስት ቀን ባዶ ዕቃ ሲመልሱልኝ በልቶታል ብዬ ስደሰት ሰንብቼ ልጄ በዚያ ጊዜ ሌላ ቦታ እንደነበር ያወቅኩት ከወጣ በኋላ ነው።

ስለዚህ ከምግቡ ጋር ቅያሪ ልብስ ላኪ። ንጹሕ ሸሚዝና የውስጥ ልብስ አስገቢና «የለበሰውን አውጡልኝ፣ ላጥበው» በይ። ልብስ ለማጠብ የምትጠይቅ እናትን ብዙዎቹ አይከለክሉም፤ እነሱም እናት አላቸው። ልጄ በተያዘበት ሌሊት ለብሶት የነበረው ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ሁለተኛው ቁልፉ የወደቀና እኔው ራሴ በጥቁር ክር ሌላ ቁልፍ የተከልኩለት፣ በአሥራ አንደኛው ቀን ከአንድ በር ወጣልኝ። አንገትጌው ጠቁሯል፤ ላቡን አውቀዋለሁ። እዚያው በሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ «እዚህ የለም» ቢሉኝ የምመልሰው ነገር ነበረኝ። ሸሚዙን ግን ወዲያው አጥቤ ሰቀልኩት፤ ጠበቃው በኋላ «ምነው ባላጠቡት ኖሮ» አለኝ። አንቺ አትጠቢው፤ እንዳለ በፌስታል ቋጥረሽ አስቀምጪ።

አባትሽን አትጫኛቸው። የእኔም ባለቤት እንደ እርሳቸው ነበሩ፤ ዝም ያሉት ልጃቸውን ስለማይወዱ ሳይሆን ሁለተኛውንም እንዳያጡ ስለፈሩ ነው። በር ላይ እኔ ስቆም እርሳቸው ቤት ሆነው ደብተሩን ይጽፉልኝ ጀመር።


በጡረታ ላይ ያለ የፖሊስ አባል፣ ከአዳማ

እኅቴ፣ በምርመራ ሥራ ላይ ለረጅም ዓመታት አገልግዬ በጡረታ ላይ የምገኝ ሰው ነኝ። የምጽፈው በአንዳንዶች ዘንድ እንደማይወደድ አውቃለሁ፤ ሆኖም ሁለቱንም ወገን ብታውቁ ይጠቅማችኋል ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ፣ ማንም ሰው የሰብዓዊ መብት ተሟጋች በመሆኑ ብቻ ከምርመራ ውጪ አይደለም። ተጨባጭ ጥርጣሬ ካለ መጠየቁ ተገቢ ነው። ነገር ግን ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ሁሉ በመዝገብ መሆን አለበት። ሰው ሲያዝ ስሙ፣ የገባበት ሰዓት፣ ያስገባው አባልና የተያዘበት ምክንያት ተጽፎ የጣቢያው ኃላፊ ያውቀዋል። ሳይመዘገብ የገባ ሰው ቢታመም፣ ቢጎዳ ወይም ቢሞት ተጠያቂ የሚሆነው በዚያ ቀን ተረኛ የነበረው አባል ስለሆነ፣ አዋቂ ፖሊስ እንዲህ ያለውን እስረኛ በገዛ ፈቃዱ አይቀበልም።

ታዲያ ሐሙስ ተቀብለው ዓርብ ለምን «የለም» አሉ? እኔ የምገምተው የአደራ እስረኛ ሆኖ ይሆናል ብዬ ነው። ሌላ አካል የያዘውን ሰው ማቆያ ስለሌለው ወይም ቦታውን ማሳወቅ ስላልፈለገ በጣቢያው «በአደራ» ያስቀምጠዋል። የጣቢያው አባላት «የእኛ እስረኛ አይደለም» ብለው ያምናሉ፤ ለበር ጠባቂው ያ «የለም» ማለት ነው። ስለዚህ በሩ ላይ የምትጠይቁትን ጥያቄ ለውጡ። «ወንድሜ እዚህ አለ ወይ?» ከማለት ይልቅ ገብታችሁ ተረኛውን ኃላፊ «በአደራ የተቀመጠ ሰው አለ ወይ? ያስቀመጠውስ የትኛው ክፍል ነው?» በሉት። ጥያቄውን በጽሑፍ አድርጋችሁ በገቢ ደብዳቤ ቁጥር አስገቡ፤ ቁጥር የያዘ ደብዳቤ ሲገባ ኃላፊው ወይ መመለስ ወይም ወደ በላይ ማስተላለፍ አለበት። በአደራ ያስቀመጠም ሆነ የያዘ አካል በ48 ሰዓቱ ግዴታ እኩል ይገደዳል፤ ግድግዳው የማን ነው የሚለው የእስረኛውን መብት አይቀንሰውም።

በዚያ ሌሊት የመጡት አራት ሰዎች ስማቸውንና መሥሪያ ቤታቸውን ሳይናገሩ መሄዳቸው ስሕተት ነው። በእኔ ዘመንም ይደረግ ነበር፤ ያኔም ስሕተት ነበር።


የቀድሞ መረጃ አሰባሳቢ

ወንድምሽ በሚሠራው ዓይነት ሥራ ላይ ስምንት ዓመት ቆይቻለሁ፤ ሁለት ጊዜም ታስሬያለሁ። ከላይ የተጻፈውን አብዛኛውን እስማማበታለሁ፤ በሁለት ነገሮች ላይ ግን የተለየ ሐሳብ አለኝ።

የመጀመሪያው «ተጨባጭ ጥርጣሬ» የሚለው ነው። በእኛ አገር መረጃ መሰብሰብ ራሱ እንደ ጥርጣሬ ሲቆጠር ኖሯል። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤ፣ ኢሰመጉ፣ በ1984 ዓ.ም. በፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም መሪነት ሲቋቋም ሥራው የታሰረውን፣ የተገደለውንና የተሰወረውን ሰው ስም ጽፎ በመግለጫ ማውጣት ነበር። የጉባኤው የሥራ አስፈጻሚ አባልና የመምህራን ማኅበር መሪ የነበሩት አቶ አሰፋ ማሩ በ1989 ዓ.ም. በጠዋት ወደ ሥራ ሲሄዱ አዲስ አበባ ውስጥ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። ፕሮፌሰር መስፍን በ1993 ዓ.ም. የታሰሩት ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለ መብት ከተናገሩ በኋላ ነበር፤ ከምርጫ 97 በኋላም ተመልሰው ታስረዋል። በዚያው ጊዜ በ1998 ዓ.ም. የተያዙት ዳንኤል በቀለና ነፃነት ደምሴ የሲቪክ ማኅበራት ሠራተኞች ነበሩ፤ የወጡትም በ2000 ዓ.ም. ነው። አቶ ዳንኤል በ2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን (ኢሰመኮ) ዋና ኮሚሽነር ሆነው ተሹመዋል፤ የትላንቱ እስረኛ እስር ቤቶችን የሚመረምር ተቋም መሪ ሆኑ ማለት ነው። መንግሥት ቢለዋወጥም ግን ነገሩ አልቆመም። በታኅሣሥ 2015 መጨረሻ በሸገር ከተማ የቤት ማፍረስን ሲያጣሩ የነበሩ አራት የኢሰመጉ ባልደረቦች ተይዘው ከቀናት በኋላ በዋስ ወጥተዋል። በታኅሣሥ 2017 ደግሞ ድርጅቱ ራሱ ታግዶ ከወራት በኋላ እገዳው ተነሥቶለታል። ስለዚህ ወንድምሽ ምን አደረገ ብላችሁ ራሳችሁን አታስጨንቁ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በዲሴምበር 9 ቀን 1998 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የሰብዓዊ መብት ተሟጋቾች መግለጫ በአንቀጽ 6 ማንም ሰው ስለ ሰብዓዊ መብት መረጃ መፈለግ፣ መያዝና ማሳተም እንደሚችል ይላል። ወንድምሽ ያደረገው ይኸው ነው።

ሁለተኛው ዝም ስለማለት ነው። ጠበቃው «ጥቂት ቀን ታገሡ» ያሉበትን ምክንያት እረዳለሁ፤ የእኔ ልምድ ግን ሌላ ነው። በመጀመሪያው እስሬ ቤተሰቤ ዝም ብሎ ነበር፤ ሃያ ሦስት ቀን ያለ ፍርድ ቤት ቆየሁ። መርማሪው በየምሽቱ የሚነግረኝ «ማንም የሚጠይቅህ የለም፤ ተረስተሃል» የሚል ነበር፤ ስለማላውቅ አመንኩት። በሁለተኛው ጊዜ ድርጅቴ በማግስቱ ስሜን፣ የተያዝኩበትን ቀንና ቦታ አውጥቶ ለኢሰመኮ ደብዳቤ ጻፈ። በአራተኛው ቀን የኮሚሽኑ ሰዎች ወዳለሁበት ክፍል መጡና ስሜን ጠርተው አነጋገሩኝ። ኮሚሽኑ ያለ ቅድመ ማስታወቂያ እስር ቤቶችንና ፖሊስ ጣቢያዎችን የመጎብኘት ሥልጣን በአዋጅ አለው። በስድስተኛው ቀን ፍርድ ቤት ቀረብኩ። በዚያ ክፍል ውስጥ ስም መጠራት ማለት ምን እንደሆነ ለማስረዳት ቃል ያጥረኛል።

የጎረቤታችንን የሱዳንን ነገር ላንሣ። እዚያ የደኅንነቱ መሥሪያ ቤት በ2010 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ አንድን ሰው ዳኛ ሳያየው እስከ አራት ወር ተኩል እንዲይዝ ተፈቅዶለት ነበር። የካርቱም ዩኒቨርሲቲ መምህሩ ሙዳዊ ኢብራሂም አደም፣ የዳርፉርን በደል በመመዝገብ የታወቁ ሰው፣ በዲሴምበር 2016 ተይዘው በሞት ሊያስቀጣ የሚችል ክስ ቀርቦባቸዋል። በኦገስት 2017 በምሕረት እስኪወጡ ድረስ ስማቸው አንድ ቀን እንኳ ሳይነሣ እንዳይውል የሠሩት በልዩ ልዩ አገር ያሉ ባልደረቦቻቸው ነበሩ። የእኛ ሕግ ከዚያ በእጅጉ የተሻለ ነው። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት እንኳ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 የአዋጁን አፈጻጸም የሚከታተለው መርማሪ ቦርድ የታሰሩትን ሰዎች ስም ከነምክንያቱ በአንድ ወር ውስጥ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል፤ አንቀጽ 18፣ ማለትም ከጭካኔና ከኢሰብዓዊ አያያዝ የመጠበቅ መብት፣ በዚያም ጊዜ አይነካም። በሐምሌ 2015 በታወጀው አዋጅ ጊዜ የምክር ቤት አባላትና ጋዜጠኞች ከዚህ ከአዳማ ወደ ምሥራቅ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ አዋሽ አርባ ወታደራዊ ካምፕ ውስጥ ሲያዙ ቤተሰቦቻቸው አጥብቀው ይጠይቁ የነበረው ይህንኑ ስም ነበር።

እንግዲህ ንገሩ ስል ሁሉን ንገሩ ማለቴ አይደለም። ስሙን፣ የተያዘበትን ቀንና ሰዓት፣ ሐሙስ ስንቅ የተቀበለውን በር፣ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ እሱን ተናገሩ። ምን ይመረምር እንደነበር፣ ማንን እንዳነጋገረ፣ ምን እንደጻፈ ግን አንዲት ቃል አትናገሩ፤ ለዘመድም፣ ለጋዜጠኛም። አጥብቄ የምለምንሽ ሌላም ነገር አለ። ሁለት ደብተሮች ተወስደዋል ብለሻል። በእነዚያ ደብተሮች ውስጥ የሰዎች ስምና አድራሻ ይኖራል፤ ልባቸውን ከፍተው በደላቸውን የነገሩት ሰዎች ናቸው፤ ዛሬ ስማቸው በሌላ ሰው እጅ እንዳለ አያውቁም። ወንድምሽ አሁን በጨለማ ክፍል ውስጥ ሆኖ ከራሱ ይልቅ የሚያስበው ስለ እነሱ ነው፤ ይህንን በእርግጠኝነት የምነግርሽ እኔም ያሰብኩት ያንኑ ስለነበረ ነው። የምታውቂያቸው ካሉ በስልክ ሳይሆን በእግርሽ ሄደሽ ንገሪያቸው።

ነገሩ ከረዘመ በተባበሩት መንግሥታት ሥር ያለው በዘፈቀደ እስር ላይ የሚሠራው ቡድን ከቤተሰብ በቀጥታ አቤቱታ ይቀበላል፤ በአገር ውስጥ ያለው የፍርድ ሂደት እስኪያልቅ መጠበቅም አያስፈልግም። ክፍያ የለውም። ስሙ ከመግባቱ በፊት ግን የቤተሰቡ ፈቃድ ግልጽ መሆን አለበት።


ጠበቃ፣ ከአዳማ

የቀድሞው መረጃ አሰባሳቢ ከላይ ያነሡት ተገቢ ነው፤ ለኮሚሽኑ ማመልከትን እኔም አልቃወምም፤ ዛሬውኑ ይደረግ። ያሳሰበኝ በማኅበራዊ ሚዲያ መለጠፉ ብቻ ነበር። እሱንም ቢሆን ከቃለ መሐላው በኋላ በአንድ ቀን ልዩነት ማድረግ ይቻላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ወንድማችሁ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም፤ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚደክመው እዚያ ላይ ነው። ፖሊስ ምርመራ አልጨረስኩም ብሎ ጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል፤ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 59 መሠረት በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይፈቀድም፤ ስንት ጊዜ ሊጠየቅ እንደሚችል ግን ሕጉ አልገደበም። በየቀጠሮው «ባለፉት 14 ቀናት ምን ተሠራ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት፤ ያለዚያ ቀጠሮው ሌላ እስር ይሆናል። ዋስትና ተፈቅዶ ገንዘቡ ከተያዘ በኋላም በመውጫው በር ላይ በሌላ አካል ተመልሶ የተያዘ ደንበኛ ነበረኝ። ስለዚህ በዚያ ቀን ማልዳችሁ ሄዳችሁ እስኪወጣ በሩን አትልቀቁ፤ ከቤተሰብ ውጪ የሆነ አንድ ሽማግሌም አብሯችሁ ይኑር።


ታላቅ እኅት፣ ከአዳማ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ የጻፋችሁትን ለአባቴ ጮክ ብዬ አንብቤላቸዋለሁ። ከጻፍኩላችሁ ጥቂት ቀናት አልፈዋል፤ ከዚያ ወዲህ የሆነውን ልንገራችሁ።

ሰኞ ዕለት የጽሑፍ ጥያቄውን ይዘን ሐሙስ ስንቅ ወደተቀበሉን ጣቢያ ሄድን። ተረኛው ኃላፊ «በአደራ የተቀመጠ» የሚለውን ቃል ሲያነብ ቀና ብሎ አየኝ፤ ደብዳቤውን ግን ተቀብሎ ቁጥር ሰጠን። እናቴ በዚያው ቀን ቅያሪ ልብስ አስገባች። ከሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ በተያዘበት ሌሊት ለብሶት የነበረው ግራጫ ቲሸርት ተጠቅልሎ ወጣ። ትከሻው ላይ በትንሹ ተቀዷል፤ ሲወስዱት እንዲህ አልነበረም። እናቴ አላጠበችውም። ልታሸተው ወደ አፍንጫዋ ስታስጠጋ እጇን ይዤ ፌስታል ውስጥ አስገባሁት፤ በዚህ ተቀይማኛለች።

አቤቱታው ማክሰኞ ገብቷል፤ ቃለ መሐላውን የማሉት አባቴ ናቸው። ያን ዕለት ጠዋት እኔ ልምል ብዬ ስነሣ ኮታቸውን ለብሰው በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ፍርድ ቤቱ የጣቢያው ኃላፊ ወንድሜን ይዞ እንዲቀርብ ለፊታችን ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት አዝዟል። ለኮሚሽኑም ማመልከቻ ልከናል።

ከወንድሜ አፍ የሰማኋቸው፣ በደብተሩ ውስጥ ይኖራሉ ብዬ የማስባቸው ሦስት ሴቶች ነበሩ። ሁለቱን አግኝቼ ነግሬያቸዋለሁ። አንደኛዋ ምንም ሳትናገር ልጇን አቅፋ ቆየችና «እሱ በልቷል ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሦስተኛዋ ቤቷ ከፈረሰ በኋላ የት እንደገባች የሚያውቅ ጎረቤት አላገኘሁም፤ ነገ በቦኩ ሸነን በኩል ሄጄ ደግሜ እጠይቃለሁ።